ፓርቶግራፉ የተሞላው መቼ ነው?

ለአዋላጆች፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎችና ለጥራት ኮሚቴ አባላት የቀረበ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ። የዛሬው ርእስ ለውጥ ማምጣትና የለውጡን ውጤት መለካት ነው። ሰፊ ስለሆነ ከማዋለጃ ክፍል ሳንወጣ፣ ከአንድ ወረቀት ተነስተን እንየው።

ወረቀቱ ፓርቶግራፍ ነው። ምጡ ከተፋፋመ በኋላ የጽንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የምጡ ድግግሞሽ በየ30 ደቂቃው፣ የማኅፀን በር መከፈት በየ4 ሰዓቱ ይመዘገብበታል። አንድ ጤና ጣቢያ ያለፉትን ወራት ካርዶች ከልሶ «ፓርቶግራፍ የተሞላላቸው ወላዶች» 35 በመቶ ብቻ ሆነው አገኛቸው እንበል። ስብሰባ ይጠራል፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ ማሳሰቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከ3 ወር በኋላ ክለሳው ሲደገም 96 በመቶ! ሪፖርቱ ወደ ወረዳ ይሄዳል፣ ይጨበጨባል።

አሁን ካርዶቹን አውጡና አንድ በአንድ ተመልከቷቸው። የልብ ምቱ 140፣ 140፣ 140፣ 140 ይላል። በመሃል ተረኛ ተቀይሮ ሳለ ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት ናቸው። የማኅፀን በሩ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ የታተመውን የማስጠንቀቂያ መስመር ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በዚያ ጤና ጣቢያ ምጥ የተጓተተባት እናት የለችም ማለት ነው። እነዚህ ወረቀቶች የተሞሉት እናትየዋ ወልዳ፣ ልጁ ተጠቅልሎ፣ አልጋው ከተወለወለ በኋላ ነው።

ፓርቶግራፍ ለማኅደር ማሟያ የተሠራ ነገር አይደለም። ምጡ ሲጓተት ነጥቡ የማስጠንቀቂያውን መስመር አልፎ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ከዚያ በ4 ሰዓት ርቀት ላይ የእርምጃ መስመሩ አለ። በዚያ የ4 ሰዓት ክፍተት ነው አምቡላንስ የሚጠራው፣ ለሆስፒታሉ የሚደወለው፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚመከረው። ከወሊድ በኋላ የተሞላ ወረቀት ለዚህ አንዳች አይፈይድም። የቀድሞው ባዶ ወረቀት ቢያንስ እውነቱን ይናገር ነበር። አሁን ቁጥሩ አማረ፣ ችግሩ ግን ከዓይን ተሰወረ።

ጥፋቱ የማን ነው? ወደ አዋላጇ ከመሄዳችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩት። የምጥ ድግግሞሽ የሚቆጠረው እጅን ሆድ ላይ አድርጎ ለ10 ደቂቃ ነው። በየ30 ደቂቃው ስለሚደገም ለአንዲት እናት በሰዓት 20 ደቂቃ ይወስዳል። ምጣቸው የተፋፋመ ሦስት እናቶች ካሉ 60 ደቂቃ ሆነ። አንዲት የሌሊት ተረኛ ሦስት ወላድ ይዛ መመሪያውን በትክክል ልፈጽም ብትል፣ ምጥ ከመቁጠር ሌላ የምታደርገው ነገር አይኖርም፤ የልብ ምት አትሰማም፣ አታዋልድም፣ ውሃም አትጠጣም። እሷን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መክሰስ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ለውጡ ላይ ነው፦ ሥልጠናው «አላውቅም» ላለች ነው እንጂ «ጊዜ የለኝም» ላለች መልስ አይሆንም። ሁለተኛው መለኪያው ላይ ነው፦ የተለካው ወረቀቱ መሙላቱ እንጂ ሥራው በሰዓቱ መሠራቱ አይደለም። መጀመሪያ ሁለተኛውን እናስተካክል፤ መለኪያው ከተቃና የለውጡ ስሕተት ራሱ ይጋለጣል።

ከወለዱት ይልቅ አልጋ ላይ ያሉትን ቁጠሩ። ከ1 እስከ 12 የቀን ሰዓት፣ ከ1 እስከ 12 የሌሊት ሰዓት የተጻፈባቸው 24 ቁራጭ ወረቀቶች ፖስታ ውስጥ ይግቡ። የጥራት ተጠሪው በየቀኑ ሦስት ዕጣ ያወጣል፤ ከሦስቱ አንዱ ሌሊት መዋሉን ያረጋግጣል፤ ለተረኞቹ አስቀድሞ አይነገርም። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው፣ በሌሊቱ ዕጣ ከሌላ ክፍል ያለ ተረኛ ሊሆን ይችላል፣ ገብቶ ምጧ በተፋፋመ በእያንዳንዷ እናት ካርድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳል፦ የመጨረሻው የልብ ምት የተመዘገበው ባለፉት 30 ደቂቃዎች ውስጥ ነው ወይስ አይደለም? ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ላይ 96 በመቶው ወደ 30 ወይም 20 ሊወርድ ይችላል። አትደንግጡ፤ ሥራው ድሮም እዚያው ነበር፣ አሁን ገና ታየ።

አንድ ትንሽ ግን ብዙ የምታበላሽ ነገር ልጨምር። አንዷ በሀገራችን ሰዓት «3:30» ስትጽፍ ቀጣዩዋ ተረኛ በእጅ ስልኳ አይታ «9:30» ትላለች። ያው ሰዓት ነው፤ ካርዱ ላይ ግን የ6 ሰዓት ልዩነት ሆነ። የ4 ሰዓት ምጥ 10 ሰዓት ይመስላል። የጊዜ መለኪያ ከመጀመራችሁ በፊት በየትኛው ሰዓት እንደምትጽፉ ተስማሙ፣ የግድግዳውንም ሰዓት በዚያው ሙሉ። ባትሪው ያለቀ ሰዓት ተሰቅሎ «በ1 ደቂቃ ውስጥ» የሚል መለኪያ ማስቀመጥ ቀልድ ነው።

ሰንሰለቱን ተከተሉ

ሁለተኛው ምሳሌያችን ኦክሲቶሲን ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣን የደም መፍሰስ ለመከላከል ልጁ እንደተወለደ፣ ማኅፀን ውስጥ ሌላ ልጅ አለመኖሩ በእጅ ተዳስሶ፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት በጡንቻ ይሰጣል። ይህን ሁሉም አዋላጅ ያውቃል። ለምን ታዲያ ይዘገያል?

ሂደቱን በእግር ተከተሉት። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍሪጁ ያለው ፋርማሲው ወይም ክትባት ክፍሉ ውስጥ ነው። ሌሊት ክፍሉ ተቆልፎ ቁልፉ ጥበቃው ዘንድ ነው። አዋላጇ ብቻዋን ናት፤ ልጁን ተቀበለች፣ አደረቀች፣ ዕትብቱን ቋጠረች፣ ከዚያ ነው ለመርፌ የምትነሳው። 1 ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መድኃኒቱ ለስንት ሰዓት ሞቆ እንደቆየ የሚያውቅ የለም፤ በሰዓቱ ቢሰጥም ኃይሉ የተዳከመ ሊሆን ይችላል።

እያንዳንዱን ቀለበት ለብቻው ማየት ያስፈልጋል፣ ለእያንዳንዱም የሚስማማ መለኪያ አለው። አቬዲስ ዶናቤዲያን በ1966 እ.ኤ.አ. የጤና አገልግሎት ጥራትን በሦስት ከፍሎ ያየበት መንገድ ዛሬም ያገለግላል፦ ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት። እኛ ዘንድ ግብዓቱ ፍሪጁና መድኃኒቱ ነው፤ ፍሪጁ ላይ ቴርሞሜትር አለ? በቀን ሁለት ጊዜ ይነበባል? ሂደቱ በ1 ደቂቃ ውስጥ መርፌ የተሰጣቸው ወላዶች ድርሻ ነው። ውጤቱ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም የፈሰሳቸው እናቶች ድርሻ ነው።

አራተኛውን ደግሞ ብዙዎች ይረሱታል፤ ማመዛዘኛ መለኪያ እንበለው። አንዱን ስናቃና ሌላው እንዳይጣመም የሚጠብቅ ነው። አዋላጇ መርፌውን አስቀድማ በሲሪንጅ ሞልታ ትሪው ላይ ብታስቀምጥ ፍጥነቱ ይጨምራል። ነገር ግን ስም ያልተጻፈበት የተሞላ ሲሪንጅ ልጁ ሳይወለድ ሊሰጥ ይችላል፣ መንታ ካለ ደግሞ አደጋው የከፋ ነው። ስለዚህ «ልጁ ከመወለዱ በፊት የተሰጠ ኦክሲቶሲን» የሚል መስመር መዝገቡ ላይ ይግባ፤ ትክክለኛው ቁጥር ዜሮ ነው። ሁሉም ሰው መርፌው ላይ ሲረባረብ ሕፃኑ እንዳይበርደውም የሕፃኑን ሙቀት ለኩ፤ ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት።

ለውጡን ስትሞክሩ ከትንሽ ጀምሩ፤ ትንሽ ስንል እውነትም ትንሽ። ሐሳቡ «ኦክሲቶሲኑ በአይስ ቦክስ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ» ነው እንበል። ማክሰኞ፣ አንዲት ፈቃደኛ አዋላጅ፣ አንድ ፈረቃ፣ የሚመጡት ሁለት ወይም ሦስት ወላዶች። ከመጀመራችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ፦ «መርፌው በ1 ደቂቃ ይሰጣል፣ በረዶው እስከ ፈረቃው መጨረሻ ይቆያል።» ማታ ላይ አወዳድሩ። ምናልባት በረዶው በ7 ሰዓት ቀለጠ፤ ምናልባት አምፑሉ በረዶውን ተደግፎ ሊቀዘቅዝ ደረሰ፤ ምናልባት ሲስተር ሳጥኑን ከአልጋው በስተግራ ስላደረገችው እጇ አልደረሰበትም። ረቡዕ አምፑሉ በካርቶን ተለይቶ ሳጥኑ በስተቀኝ ይሁን፣ ሐሙስ በሌሊት ፈረቃ ይሞከር። ከ1 ወላድ ወደ 3፣ ከ3 ወደ 10፣ ከዚያ ወደ ሁሉም ፈረቃ። ፒዲኤስኤ (ማቀድ፣ መሞከር፣ ማጥናት፣ እርምጃ መውሰድ) የሚባለው ነገር ይኸው ነው። በየሪፖርቱ የሚታየው «ፒዲኤስኤ» ግን አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ወር የሥራ ዕቅድ በአራት ሣጥን ተከፍሎ ነው፤ ግምት የለበትም፣ ስለዚህ የሚማርበትም የለም።

ሂደቱ ተሻሽሎ ውጤቱ ሳይነቃነቅ ሲቀር

ሕንድ ውስጥ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት በ120 ጤና ተቋማት የተደረገው የቤተርበርዝ ጥናት በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው። ግማሾቹ ተቋማት የዓለም ጤና ድርጅትን የወሊድ ደኅንነት ቼክሊስት ከአሠልጣኝ ድጋፍ ጋር ተቀበሉ፣ ግማሾቹ እንደነበሩ ቀጠሉ። ድጋፉ ከተጀመረ ከ2 ወር በኋላ በትክክል የተከናወኑት 18 ተግባራት አማካይ ድጋፍ ባገኙት 72.8 በመቶ፣ ባላገኙት 41.7 በመቶ ሆነ። ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን የእናቶችና የሕፃናት ሞት ከእናቶች ከባድ ጉዳት ጋር ተደምሮ ሲታይ 15.1 በመቶ ለ15.3 በመቶ ሆነ። ማለትም ልዩነት የለም። ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

ለምን? እጅ መታጠብና ሙቀት መለካት ሲሻሻል፣ እናት ደም ሲፈሳት ወይም ልጅ ሳይተነፍስ ሲወለድ የሚያድናት ክህሎት፣ መድኃኒትና ሪፈር አብሮ ካልተስተካከለ ሰንሰለቱ መሃል ላይ ይበጠሳል። ይህ የእኔ አነባበብ ነው፤ ጥናቱን በሌላ መንገድ የሚያነቡም አሉ። ለእኛ የሚበቃን ነገር ግን ግልጽ ነው፦ ሂደት ብቻ የሚለካ ተቋም 72.8ን አይቶ ድል አድርጌያለሁ ይላል፤ ውጤት ብቻ የሚለካ ደግሞ 15.1ን አይቶ ምንም አልተሠራም ይላል። ሁለቱም ይሳሳታሉ።

በተቃራኒው ኢ-ሞቲቭ የተባለውን ጥናት ተመልከቱ። በ2023 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው፤ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ተሳትፈዋል። አዋላጆቹ የፈሰሰው ደም ስንት እንደሆነ በዓይን ከመገመት ይልቅ መስመር ባለው ፕላስቲክ መሰብሰቢያ እንዲለኩት ተደረገ። 500 ሚሊ ሊትር ሲደርስ ማኅፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ (ደም ለማቆም የሚረዳ መድኃኒት)፣ ጉሉኮስ ያልሆነ የደም ሥር ፈሳሽ፣ ምርመራ፣ አንዱን ከአንዱ ሳይጠብቁ በአንድ ላይ ይጀመራሉ። በዓይን ግምት ከሚፈሳቸው እናቶች 51.1 በመቶው ነበር የሚታወቁት፤ በመለኪያው 93.1 በመቶው ታወቁ። ከባድ መፍሰስ፣ በቀዶ ጥገና ደም ማስቆም ወይም በመፍሰስ መሞት በአንድ ላይ ሲቆጠሩ በነባሩ አሠራር 4.3 በመቶ የነበረው በአዲሱ 1.6 በመቶ ሆነ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። እዚህ መለኪያው አዋላጇ እጅ ላይ ነው፤ ቁጥሩ የሚነበበው ያቺው እናት አልጋ ላይ ሳለች ነው፤ ቁጥሩ ሲደርስ የሚሠራውም አስቀድሞ ተወስኗል። ወረዳ ደርሶ፣ ተተንትኖ፣ በሩብ ዓመት ስብሰባ የሚመለስ ቁጥር አይደለም።

እናንተም እንዲህ ያለ መለኪያ ስትጀምሩ በመጀመሪያው ወር የደም መፍሰስ ቁጥራችሁ ሽቅብ ይወጣል። ከዚህ በፊት ሳይታዩ ያልፉ የነበሩት አሁን ስለሚታዩ ነው። ይህን ለበላይ ኃላፊ አስቀድማችሁ፣ በጽሑፍ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሩ። ቁጥሩ ከወጣ በኋላ የሚሰጥ ማብራሪያ ማመካኛ ይመስላል።

የሀገራችንም አኃዝ ከኡታር ፕራዴሹ አይርቅም። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱ እናቶች 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 አነስተኛው ጥናት 48 በመቶ ደረሱ። በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በመጀመሪያው ከ1,000 29፣ በሁለተኛው 33 ሆኑ። ጭማሪው በናሙና ስሕተት ወሰን ውስጥ ሊወድቅ ስለሚችል «ሞት ጨመረ» ብሎ መደምደም አይቻልም። «ቀነሰ» ግን ማለት አይቻልም። እናትን ወደ ተቋም ማምጣት አንድ ቀለበት ነው፤ ከደረሰች በኋላ የሚደረግላት ሌላ ቀለበት።

ሞትን ብቻ አትቁጠሩ

በየስብሰባው «ዘንድሮ የእናት ሞት ዜሮ» የሚል ስላይድ ይታያል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ማስረጃነቱ ግን ደካማ ነው። በ2016ቱ ጥናት ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር የተያያዘ ሞት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 412 ነው። በዚሁ ልክ በዓመት 500 ወሊድ ያለው ተቋም በአማካይ 2 ሞት ይጠበቅበታል። አማካዩ 2 የሆነ ነገር ምንም ሳይለወጥ፣ በዕድል ብቻ፣ ከ7 ዓመት አንዱን ዜሮ ይሆናል። እንዲሁም ከ7 ዓመት አንዱን 4 እና ከዚያ በላይ ይሆናል። ዜሮ በሆነበት ዓመት የተሸለመ፣ 4 በሆነበት ዓመት የተነሳ የሕክምና ዳይሬክተር ሁለቱንም ጊዜ በዕጣ ነው የተዳኘው።

በሀገር ደረጃ እንኳ ወሰኑ ሰፊ ነው። የ2011ዱ (እ.ኤ.አ.) ግምት 676 ሲሆን ወሰኑ ከ541 እስከ 810፣ የ2016ቱ 412 ሲሆን ወሰኑ ከ273 እስከ 551 ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች የተጠየቁበት ጥናት ይህን ያህል ከሰፋ፣ አንድ ጤና ጣቢያ በሞት ቁጥር ለውጡን ለካሁ ሊል አይችልም። ሞትን አንድ በአንድ መርምሩ፣ ከእያንዳንዱ ተማሩ፤ ለመለኪያነት ግን በየሳምንቱ ብዙ ጊዜ የሚከሰተውን ሂደት ያዙ።

የሳምንቱን ቁጥር እንዴት እናንብብ? በሳምንት ከ20 በላይ ወሊድ ያለው ሆስፒታል በዕጣ 20 ካርድ ይውሰድ፤ ያነሰ ካለው ሁሉንም። በሳምንት 10 ወሊድ ብቻ ካለ አንዷ ስትዘለል 10 በመቶ ስለሚወርድ በሁለት ሳምንት አንድ ነጥብ ይሻላል። ለውጡ ሳይጀመር የ12 ሳምንት ቁጥር ይኑራችሁ። ለምሳሌ ኦክሲቶሲን በ1 ደቂቃ የተሰጣቸው በመቶኛ፦ 45፣ 60፣ 50፣ 40፣ 55፣ 60፣ 50፣ 35፣ 65፣ 50፣ 45፣ 55። ከትንሽ ወደ ትልቅ ስትደረድሯቸው መሃሉ 50 ነው። በግራፉ ላይ 50 ላይ አግድም መስመር አስምሩ።

አሁን ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ሳምንት እዩ፦ 35፣ ከዚያ 65። በሁለቱ መካከል ባለው ዓርብ ሥልጠና ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ «ከሥልጠናው በፊት 35፣ በኋላ 65፤ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው» የሚል ሁለት ዓምድ ያለው ስላይድ ይዘጋጅ ነበር። ምንም አልተደረገም። ሥልጠና የሚጠራው ቁጥሩ ሲወርድ ነው፤ የወረደ ቁጥር ደግሞ በራሱ ጊዜ ወደ መሃል ይመለሳል። «በፊትና በኋላ» የሚሉ ሁለት ነጥቦች ብቻ ይዞ የመጣን ሰው መሃል ያሉትን ሳምንታት ጠይቁት።

ለውጥ መጣ የሚባለው መቼ ነው? ከመካከለኛው መስመር በአንድ ወገን 6 ተከታታይ ነጥቦች ሲያርፉ ነው። መስመሩ ላይ ያረፈ ነጥብ አይቆጠርም፣ አያቋርጥምም። ወይም 5 ተከታታይ ነጥቦች ሽቅብ ብቻ ወይም ቁልቁል ብቻ ሲሄዱ። አይስ ቦክሱ ከገባ በኋላ 55፣ 65፣ 60፣ 70፣ 65፣ 75 ከመጣ ስድስቱም ከ50 በላይ ናቸው፤ የሆነ ነገር ተለውጧል። ለውጡን ያመጣው አይስ ቦክሱ ነው ወይስ በዚያው ሳምንት የተቀጠሩት ሁለት አዋላጆች? ግራፉ ይህን አይመልስም። ስለዚህ የሆነውን ሁሉ በየሳምንቱ ነጥቡ ሥር በእስክሪብቶ ጻፉ፦ «መብራት 3 ቀን ጠፋ»፣ «ሁለት አዲስ አዋላጆች መጡ»፣ «ኦክሲቶሲን ከመጋዘን አለቀ»። ከስድስት ወር በኋላ ይህን ማንም አያስታውሰውም።

ለውጡ በጣም ትልቅ ሲሆን ይህ ሁሉ ሕግ አያስፈልግም። ቪዬና ውስጥ ሐኪሙ ዜመልቫይስ በ1847 እ.ኤ.አ. ግንቦት አጋማሽ ሐኪሞችና ተማሪዎች እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ ሲያደርግ፣ በሚያዝያ 18.3 በመቶ የነበረው የወላዶች ሞት በሰኔ 2.2፣ በሐምሌ 1.2 በመቶ ሆነ። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ የዘመኑ ሐኪሞች አላመኑትም። የእኛ ለውጦች ከ50 ወደ 65 የሚሄዱ ናቸው፤ ለእነሱ ሕጉ ያስፈልጋል።

ስለ ወራት አንድ ነገር። ወርሃዊ ሪፖርታችን በ21 ተጀምሮ በሚቀጥለው ወር በ20 ይዘጋል። ሌሎቹ ወራት 30 ቀን ናቸው፤ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ግን ጳጉሜን ስለሚጨምር 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን 36። ምንም ሳይለወጥ ወሊዱ በ17 በመቶ ገደማ «ያድጋል»፤ ጥቅምት ላይ ደግሞ «ይወድቃል»። ቁጥሩን ለቀን አካፍሉት፣ ወይም ድርሻ ብቻ ተጠቀሙ።

ድርሻ ስትጠቀሙም አካፋዩን መርምሩ። «ከሚጠበቁ ወሊዶች» የሚለው አካፋይ ከሕዝብ ብዛት ግምት የሚመጣ ነው፤ ግምቱ የተነሳበት የመጨረሻው ቆጠራ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደ ነው። ብዙ ሰው በገባበት ከተማ ሽፋኑ 118 በመቶ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በለቀቀበት ወረዳ ትጉ ባለሙያ 60 በመቶ ላይ ተቀርቅሮ ይወቀሳል። በተቋማችሁ ውስጥ የምትለኩት ነገር አካፋይ ደጃችሁ ላይ ይሁን፦ እዚህ የወለዱት እናቶች፣ አልጋው ላይ ያሉት ወላዶች።

ግራፉ የት ይሰቀል?

ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ፣ ተረኞቹ ርክክብ የሚያደርጉበት ግድግዳ ላይ። በእጅ የተሣለ ይሁን፤ ነጥቡን የምታኖረው የዚያ ሳምንት ተረኛ ትሁን። የአዋላጆች ስም አይጻፍበት። የግለሰብ ቁጥር ከተለጠፈ በማግሥቱ የፈጀው ጊዜ ሁሉ «1 ደቂቃ» ተብሎ ይመዘገባል፣ እንደገና ወደ 140፣ 140፣ 140 እንመለሳለን። ለሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚውል ቁጥርና ለማሻሻያ የሚውል ቁጥር አንድ መዝገብ ላይ አብረው አይኖሩም። ይህን የማይቀበል ኃላፊ ካለ ፈረቃን ከፈረቃ የሚያወዳድርበትን ሰንጠረዥ ከማውጣቱ በፊት ተከራከሩት።

ለውጡ ከያዘ በኋላ ብዙ ቦታ የሚበላሸው ድጋፉ ሲያልቅ ነው። በኡታር ፕራዴሽም በ2ኛው ወር 72.8 የነበረው፣ አሠልጣኞቹ ከሄዱ ከወራት በኋላ፣ በ12ኛው ወር 61.7 ሆኗል። ሥልጠና ሰውየው ጋር ይሄዳል፤ ዝውውር ሲመጣ እውቀቱም ይዛወራል። ዕቃው ውስጥ የገባ ለውጥ ይቆያል፦ አይስ ቦክሱ በስተቀኝ የሚቀመጥበት የተሰመረ ቦታ፣ ትሪው ላይ የተሠራው የሲሪንጅ መደብ፣ መዝገቡ ላይ የታተመው ዓምድ።

ሦስት ወር ሙሉ ሳይወርድ ከቆየ የሳምንቱን ልኬት ተዉትና በወር አንዴ 20 ካርድ ብቻ ተመልከቱ፤ አልጋ ላይ የሚደረገውን የዕጣ ፍተሻ ግን በወር ጥቂት ጊዜም ቢሆን አታቋርጡ። የሠራተኛ ዝውውር ያለበት ወር ከሆነ እንደገና ወደ ሳምንት ተመለሱ። የበረዶውን ነገር ደግሞ ለ«ሁሉም» አትተዉት። በተረኞች ዝርዝር ላይ «ጠዋት 2 ሰዓት ከርክክብ በፊት፣ የሌሊት ፈረቃ፣ በረዶ መቀየር» ተብሎ ይጻፍ፤ የሚፈርምበትም ቦታ ይኑረው።